አንድ ረድፍ ቁጥር፣ 0.2 ሰከንድ ሲግናል፦ የመጀመሪያው የስበት ሞገድ ከጫጫታ የተለየበት መንገድ

መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 09:50:45 ላይ የስበት ሞገድን በሌዘር የሚያስሱት ሁለቱ የላይጎ መሣሪያዎች አንድ ሲግናል መዘገቡ። መሣሪያዎቹ አሜሪካ ውስጥ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ይገኛሉ፤ አንዱ ዋሽንግተን ግዛት ሀንፎርድ፣ ሌላው ሉዊዚያና ግዛት ሊቪንግስተን። ሲግናሉ ጂደብሊው150914 ተባለ። ምንጩ ከፀሐይ 36 እና 29 እጥፍ የሚከብዱ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሐዱ የተነሣ የስበት ሞገድ፣ ማለትም ሲያልፍ ርቀትን የሚያሳጥርና የሚያስረዝም የሕዋ መወዛወዝ ነው።

እዚህ የሚጠናው ግን የሰማዩ ታሪክ ሳይሆን የመረጃው ጉዳይ ነው። ከእያንዳንዱ መሣሪያ የወጣው በጊዜ ቅደም ተከተል የተደረደረ አንድ ረድፍ ቁጥር ነው፤ ረድፉ እንዳለ ሲሣል ሲግናሉ ፈጽሞ አይታይም። መረጃው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ከታች ያለውን እያንዳንዱን እርምጃ ማንም በተራ ላፕቶፕ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋና በኑምፓይና በሳይፓይ የስሌት ጥቅሎቹ ደግሞ ሊሠራው ይችላል። ጉዳዩን ለጥናት ያስመረጠው ሌላም ምክንያት አለ። ሲግናል ስለማጥራት በብዛት የሚሰጡት ምክሮች፣ ማለትም በተንቀሳቃሽ አማካይ ማለስለስና በዌቭሌት (ረድፉን ወደ አጫጭር ሞገዶች በመከፋፈል) መቁረጥ፣ እዚህ በቀጥታ ሲሞከሩ ይወድቃሉ። የሚወድቁበት ምክንያት በሌሎች ብዙ መረጃዎችም ላይ ተደብቆ የሚገኝ ነው።

በእጅ ያለው መረጃ

የተመዘገበው መጠን ስትሬን ይባላል፦ የመሣሪያው ሁለት ክንዶች የርዝመት ለውጥ ልዩነት ለክንዱ ርዝመት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ክንዱ 4 ኪሎ ሜትር ነው። ሲግናሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ስትሬኑ 10⁻²¹ ገደማ ነበር፤ ይህ ማለት የርዝመቱ ለውጥ 4×10⁻¹⁸ ሜትር፣ ከአንድ ፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው።

ለጀማሪ የሚመቸው ፋይል 32 ሰከንድ የሚረዝም፣ በሰከንድ 4,096 ናሙና (ልኬት) ያለው ነው፤ በጠቅላላው 131,072 ቁጥሮች። ሲግናሉ ግን 0.2 ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ የሚይዘው 820 ያህል ናሙና ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ በ35 ሄርዝ (በሰከንድ 35 ዑደት) ጀምሮ ወደ 8 ዑደት እየተወዛወዘ 150 ሄርዝ አካባቢ ከፍተኛ ጉልበቱ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያም ወደ 250 ሄርዝ ወጥቶ ይጠፋል።

ጥሬው ረድፍ ሲሣል መጀመሪያ የሚታየው እጅግ ዝግ ያለ መወዛወዝ ነው። በዚያ ሰዓት የሊቪንግስተን ረድፍ አማካይ ራሱ ከዜሮ ወርዶ −2×10⁻¹⁸ ላይ ነበር። የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ከሚፈለገው ሲግናል 2,000 እጥፍ ይበልጣል። አማካዩን መቀነስ ሥዕሉን ወደ ዜሮ ያመጣዋል እንጂ ሲግናሉን አያሳይም። ከ10 ሄርዝ በታች ያለው ክፍል በትክክል የተለካ ስላልሆነ ከዚያ ምንም ነገር ማንበብ አይገባም።

ጫጫታው ምን ዓይነት ነው?

ፊልተር ከመምረጥ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው። ሥራው የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ ይህን በመዝለል ነው።

ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ (የመወዛወዝ ፍጥነት) ላይ የመሬት እንቅስቃሴና መስተዋቶቹን አንጠልጥሎ የሚቆጣጠረው ሥርዓት የሚፈጥሩት ጫጫታ ይገናል። ከፍተኛው ላይ የሌዘር ብርሃን በፎቶን በፎቶን መምጣቱ ራሱ ጫጫታ ይሆናል። በሁለቱ መካከል፣ ከ100 ሄርዝ ጀምሮ ጥቂት መቶ ሄርዝ ድረስ፣ መሣሪያው ጸጥ ያለበት ሸለቆ አለ፤ የጫጫታው ወለል እዚያ ለአንድ ሄርዝ ስኩዌር ሩት 10⁻²³ ገደማ ነው። ሲግናሉም የሚያልፈው በዚህ ሸለቆ ጠርዝና ውስጥ ነው።

ከዚህ ወለል ላይ እንደ መርፌ የቆሙ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። 60 ሄርዝና ብዜቶቹ ከኤሌክትሪክ መስመር የመጡ ናቸው። 500 ሄርዝ አካባቢና በብዜቶቹ ላይ ያሉት ደግሞ መስተዋቶቹ የተንጠለጠሉባቸው የመስታወት ክሮች እንደ ክራር ጅማት ሲርገበገቡ የሚሰጡት ነው። ከ34 እስከ 37 ሄርዝ መካከል ያሉት መስመሮች ሆን ተብለው የገቡ ናቸው፤ መሣሪያውን ለመለካት መስተዋቶቹ በታወቀ መጠን ይነቀነቃሉ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በትክክል ሲግናሉ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ስለተቀመጡ አስቸጋሪ ናቸው።

እንግዲህ ተንቀሳቃሽ አማካይ እዚህ ምን ያደርጋል? የሚያስቀረው ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ፣ የሚያጠፋው ከፍተኛውን ነው። እዚህ ግን ትልቁ ጫጫታ ዝቅተኛው ነው፤ ስለዚህ ጫጫታውን አሳምሮ አስቀምጦ ሲግናሉን ይደመስሳል። የ41 ናሙና አማካይ ቢወሰድ የመጀመሪያው ዜሮ በ4,096÷41፣ ማለትም 100 ሄርዝ ላይ ይወድቃል፤ ሲግናሉ ላይ ማለት ነው። ሳቪትስኪ ጎሌይ የሚባለው የማለስለሻ ዘዴም ቅርጹን የተሻለ ይጠብቅ እንጂ ዝቅተኛውን የሚያሳልፍ ፊልተር በመሆኑ ውጤቱ ያው ነው። ማለስለስ የሚሠራው ጫጫታው ከሲግናሉ ይልቅ ፈጣን ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ማለስለስ ዓይንን ደስ የሚያሰኝ ግን የተሳሳተ መስመር ይሰጣል።

ጫጫታውን መለካት

መለኪያው የዌልች ዘዴ ነው። 32 ሰከንዱ 4 ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ይከፈላል፣ እያንዳንዱ በቀጣዩ ላይ በግማሽ ይደረባል፤ 15 ቁርጥራጮች ይገኛሉ። እያንዳንዱ በሐን ዊንዶው (ጫፎቹን ቀስ እያለ ወደ ዜሮ በሚያወርድ ቅርጽ) ይባዛል፣ ኤፍኤፍቲው (ረድፉን ወደ ፍሪኩዌንሲዎች የሚበትነው ስሌት) ይወሰዳል፣ ስኩዌሩ ተሰልቶ በየፍሪኩዌንሲው አማካዩ ይያዛል። የሚገኘው የኃይል ስፔክትረም በ0.25 ሄርዝ እርከን የተከፋፈለ ነው።

የቁርጥራጩ ርዝመት ምርጫ ድርድር ነው። በ1 ሰከንድ ቢቆረጥ 63 ቁርጥራጮች ይገኙና ግምቱ ይረጋጋል፤ ነገር ግን እርከኑ 1 ሄርዝ ስለሚሆን ቀጫጭኖቹ መስመሮች ተስፋፍተው ጎረቤታቸውን ንጹሕ ክልል ይበላሉ። በ4 ሰከንድ መስመሮቹ በደንብ ይለያሉ፣ ግን በ15 ቁርጥራጭ የኃይሉ ግምት በእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ላይ ወደ 27 በመቶ ይዋዥቃል። ከ32 ሰከንድ ይልቅ 4,096 ሰከንድ የሚረዝመውን ፋይል ወስዶ፣ ክስተቱ ካለበት ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ ጥቂት መቶ ሰከንድ መጠቀም ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። ሲግናሉም የራሱን ጫጫታ ግምት አያሳብጥም።

በአማካይ ፈንታ ሚዲያን (በመጠን ሲደረደሩ መሀል የሚውለውን ቁጥር) መጠቀም ይመረጣል፤ አንድ ድንገተኛ ብልጭታ አማካዩን ብቻውን ሊያዛባው ይችላልና። ሆኖም የኃይሉ ስርጭት ወደ አንድ ጎን የተሳበ ስለሆነ ሚዲያኑ ከአማካዩ ያንሳል፤ ቁርጥራጮቹ ብዙ ሲሆኑ ውጤቱ ለ0.693 መካፈል አለበት። ይህን የረሳ ሰው ጫጫታውን በ30 በመቶ አሳንሶ፣ ሲግናሉን አግንኖ ይዘግባል።

ማንጣት

ነጭ ጫጫታ የሚባለው በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ላይ እኩል ጉልበት ያለው ነው። ማንጣት ማለት የረድፉን ኤፍኤፍቲ ወስዶ እያንዳንዱን ፍሪኩዌንሲ ለዚያው ፍሪኩዌንሲ ጫጫታ መጠን፣ ማለትም ለኃይል ስፔክትረሙ ስኩዌር ሩት፣ ማካፈልና ወደ ጊዜ መመለስ ነው። እዚህ ምንም ነገር አልተጣለም። ጫጫታ የበዛበት ፍሪኩዌንሲ ድምፁ ተቀነሰ፣ ጸጥ ያለው ደግሞ ተሰማ። 60 ሄርዝ ያለ ልዩ ፊልተር ራሱ ይወርዳል፤ የክሮቹም መስመር እንዲሁ። የዚህ ጉዳይ ትልቁ ሥራ በዚህ አንድ ማካፈል ውስጥ ነው ያለው።

ውጤቱ ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ቀላል ፈተና አለ። ማካፈያው ላይ የናሙናው መጠን ግማሽ፣ 2,048፣ ስኩዌር ሩቱ አብሮ ሲገባ የነጣው ረድፍ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የመዋዠቁ መጠን) 1 መሆን አለበት። ከዚያ በ35 እና በ350 ሄርዝ መካከል ያለው ብቻ ሲቀር ወደ 0.39 ይወርዳል፤ 315 ለ2,048 ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ የሚገኘው ነው። ከዚህ በእጅጉ የተለየ ቁጥር ከወጣ የስፔክትረሙ መለኪያ ወይም የዊንዶው ማስተካከያ ተሳስቷል፤ ሥዕሉ ቢያምርም መቀጠል አይገባም።

ከነጣ በኋላ ባንድፓስ (በሁለት ፍሪኩዌንሲዎች መካከል ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር) ይጨመራል፤ «በተርዎርዝ» የሚባለው ዓይነት፣ አራተኛ ደረጃ፣ ይበቃል። ፊልተሩ ወደፊትም ወደኋላም ሲሮጥ የፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበት ቦታ) መዛባቱ ይሰረዛል፤ በምላሹ የጠርዝ ቅነሳው እጥፍ ይሆንና 35 ሄርዝ ላይ 3 ዲሲቤል የነበረው 6 ይሆናል። የፊልተሩን ቁጥሮች በአንድ ረጅም ፖሊኖሚያል መልክ ሳይሆን በሁለተኛ ደረጃ ክፍልፋዮች መልክ ማስቀመጥ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ በተለይ በሰከንድ 16,384 ናሙና ባለው ፋይል ላይ። እዚያ 35 ሄርዝ ለዜሮ እጅግ ስለሚቀርብ የፖሊኖሚያሉ ሥሮች በቁጥር ማጠጋጋት ብቻ ይዛባሉ፣ ፊልተሩም ሊፈነዳ ይችላል።

ግኝቱ ይፋ ሲሆን በታተመው ታዋቂ ሥዕል ላይ የተሄደው በሌላ መንገድ ነው፦ ከ35 እስከ 350 ሄርዝ ባንድፓስ፣ በተጨማሪም ጠንካራዎቹን መስመሮች ለይቶ የሚያጠፋ ኖች ፊልተር። ጥቅሙ በሸለቆው ውስጥ የሲግናሉ ቅርጽ ብዙም አለመቀየሩ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የኖቹ ማስተጋባት ነው፤ 1 ሄርዝ የሚሰፋ ኖች ሲነካ 0.3 ሰከንድ ያህል ይጮኻል፣ 0.1 ሄርዝ የሚሰፋው ደግሞ ከ3 ሰከንድ በላይ። የምንፈልገው ሲግናል 0.2 ሰከንድ ብቻ መሆኑን እናስታውስ። ስለዚህ ኖቹን እጅግ ማጥበብ መፍትሔ አይደለም፤ ማስፋትም በ35 ሄርዝ አካባቢ የሲግናሉን መጀመሪያ ይቆርጣል። ቅርጹን ለማሳየት ብቻ ካልሆነ በቀር ማንጣት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን በሁለቱም መንገድ አይቀየርም። ከፊልተር የወጣው ቅርጽ ከሰማይ የመጣው ቅርጽ አይደለም። ከስሌት ከተገኘ ሞዴል ጋር ሲነጻጸር ሞዴሉም በዚያው ስፔክትረም መንጣት፣ በዚያው ፊልተር ማለፍ አለበት። ያልተጣራ ሞዴል በተጣራ መረጃ ላይ ደርቦ «አይገጥምም» ማለት በተማሪዎች ሥራ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

መጀመሪያ ጠርዞቹ። ኤፍኤፍቲ የረድፉ መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር እንደተጋጠመ አድርጎ ይቆጥራል። ዝግ ያለ ትልቅ መወዛወዝ ባለው መረጃ ላይ ሁለቱ ጫፎች አይገናኙም፤ መገጣጠሚያው ላይ ገደል ይፈጠራል። የዚያ ገደል ጉልበት በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ላይ ይፈሳል። ያለ ዊንዶው ሲሠራ ፍሳሹ በአንድ ኦክታቭ (ፍሪኩዌንሲው እጥፍ በሆነ ቁጥር) 6 ዲሲቤል ብቻ ይቀንሳል፣ በሐን ዊንዶው ግን 18። የ10 ሄርዙ ጫጫታ ከ100 ሄርዙ ወለል እጅግ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ የመጀመሪያው አይበቃም፤ ጸጥ ያለው ሸለቆ በፈሰሰው ጫጫታ ይሞላል። ሙሉውን 32 ሰከንድ ለማንጣት በሁለቱም ጫፍ 2 ሰከንድ ያህል ቀስ እያለ ወደ ዜሮ የሚወርድ የቱኪ ዊንዶው ጥሩ ነው፤ ከሥራው በኋላ ጠርዞቹ ይጣላሉ። ክስተቱ በፋይሉ መሀል አካባቢ መሆኑ ይህን ያለ ኪሳራ ለማድረግ ያስችላል።

ይህ ጥቃቅን የሚመስል ጉዳይ በ2017 ሰፊ ክርክር ውስጥ ገብቷል። ኮፐንሃገን ያሉ ተመራማሪዎች የመረጃው የፉሪየር ፌዞች (በኤፍኤፍቲ የሚገኙት) እርስ በርስ የተዛመዱ መሆናቸውንና ሲግናሉ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው የሁለቱ መሣሪያዎች ጫጫታም ዝምድና እንዳለው ጽፈው ነበር። የፌዞቹ ዝምድና ኤፍኤፍቲው ያለ ዊንዶው ከመወሰዱ የመጣ እንደሆነ በምላሹ ታይቷል፤ የጠርዙ ገደል ለሁሉም ፍሪኩዌንሲ ፌዝ ስለሚወስን ነው። ከቅናሹ የቀረውን ጫጫታ ሌሎች ቡድኖች መልሰው መርምረው ከተራ ጫጫታ ጋር እንደሚስማማ አግኝተዋል። ጥያቄው መነሣቱ ጠቃሚ ነበር፤ መረጃው ክፍት ባይሆን ኖሮ መነሣትም መመለስም ባልተቻለ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ነው። የስትሬን ስፔክትረም ስኩዌር ሲሆን 10⁻⁴⁶ ይደርሳል። ባለ 32 ቢት ቁጥር ሊይዘው የሚችለው ትንሹ ከዜሮ በላይ የሆነ መጠን 1.4×10⁻⁴⁵ ነው። ስለዚህ ሥራው በ32 ቢት ሲካሄድ፣ ለምሳሌ በግራፊክስ ካርድ ላይ፣ ጸጥታው የሰፈነበት ሸለቆ በትክክል ዜሮ ይሆናል፤ ማንጣቱም በዜሮ ማካፈል ይሆናል። መድኃኒቱ በ64 ቢት መሥራት፣ ካልሆነም ሙሉውን ረድፍ መጀመሪያ በ10²¹ ማባዛት ነው።

ሦስተኛው ወደፊትና ወደኋላ የሚሮጠው ፊልተር ነው። ከክስተቱ በፊት እንኳ ትንሽ መወዛወዝ ይፈጥራል። ለእይታ ችግር የለውም፤ «ሲግናሉ በዚህች ቅጽበት ጀመረ» ለማለት ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት ግን አይነካም፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ እስከተጣሩ ድረስ።

ዌቭሌትስ?

የተለመደው አሠራር ረድፉን በዌቭሌት ከፋፍሎ ከገደብ በታች ያሉትን ቁጥሮች ዜሮ ማድረግ ነው። የጫጫታው መጠን የሚገመተው ከቀጭኑ ደረጃ ሲሆን፣ የፍጹም ልዩነቶች ሚዲያን ለ0.6745 ይካፈላል። በዚህ ፋይል ላይ ቀጭኑ ደረጃ ከ1,024 እስከ 2,048 ሄርዝ ያለው ነው። እዚያ የተለካ ጫጫታ ስለ 100 ሄርዝ ምንም አይናገርም፣ ስለ 20 ሄርዝ ደግሞ ጭራሽ ያሳስታል። ዘዴው ነጭ ጫጫታን ታሳቢ ያደርጋል፤ ነጭ ያልሆነ ረድፍ ላይ ሲጫን ዝግተኛውን ጫጫታ «ትልቅ ስለሆነ ሲግናል ነው» ብሎ ያስቀምጠዋል።

ከነጣ በኋላ ይሠራል፤ ግን በዋጋ ነው። የተለመደው ሁለንተናዊ ገደብ ለ131,072 ናሙና 4.86 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይሆናል። የውሕደቱ ጫፍ ሊያልፈው ይችላል፤ ከ35 ሄርዝ ጀምሮ ያሉት ደካማ ዑደቶች ግን ተቆርጠው ይቀራሉ። እነዚያ ዑደቶች ደግሞ የጥቁር ጉድጓዶቹን ክብደት የሚናገሩ ናቸው። ገደቡን ለክስተቱ አካባቢ 1 ሰከንድ ብቻ ማስላት ወደ 4.08 ያወርደዋል፣ በየደረጃው ለየብቻ ማስላትም ይረዳል። ቢሆንም ቅርጹ የሚታወቅ ሲግናል ሲሆን ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ከመፍረድ ሁሉንም በአንድነት ከሞዴሉ ጋር ማባዛትና መደመር፣ ማለትም ማችድ ፊልተር፣ ይበልጣል። በዚህ መንገድ ሲግናሉ ከጫጫታው በሀንፎርድ 20 እጥፍ፣ በሊቪንግስተን 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ ወጣ፤ ሁለቱ ሲጣመሩ 24። የዌቭሌት ዘዴ ቦታው ቅርጹ የማይታወቅበት ነው። ይህን ሲግናል በሦስት ደቂቃ ውስጥ መጀመሪያ ያስታወቀው ፍለጋም ሞዴል የማይፈልግ፣ በሁለቱ መሣሪያዎች ላይ በጋራ የሚታይ ድንገተኛ ጉልበትን ብቻ የሚያስስ ነበር።

የቀረው ነገር ሲግናል መሆኑ እንዴት ታወቀ?

ማንኛውም ጠባብ ባንድፓስ ንጹሕ ጫጫታን እንኳ ማዕበል የመሰለ ቅርጽ ያለብሰዋል። ስለዚህ ያማረ ሥዕል ማስረጃ አይደለም። የመጀመሪያው ማስረጃ ሁለተኛው መሣሪያ ነው። ሲግናሉ መጀመሪያ ሊቪንግስተን፣ ከ6.9 ሚሊሰከንድ በኋላ ሀንፎርድ ደረሰ፤ ብርሃን በሁለቱ መካከል የሚወስደው 10 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ልዩነቱ የሚፈቀድ ነው። የሀንፎርድ ረድፍ በዚያ መጠን ሲንሸራተትና ምልክቱ ሲገለበጥ ሁለቱ ይደራረባሉ። መገልበጡ ለማስዋብ አይደለም፤ የመሣሪያዎቹ ክንዶች ያነጣጠሩበት አቅጣጫ ስለሚለያይ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የአጋጣሚን ዕድል ከመረጃው ራሱ መለካት ነው። የአንዱ መሣሪያ ሰዓት ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ሲንሸራተት በሁለቱ ላይ የሚገጣጠም ማንኛውም ነገር ከሰማይ ሊመጣ አይችልም፣ አጋጣሚ ብቻ ነው። 16 ቀን የሚሆን የጋራ መረጃ በ0.1 ሰከንድ እርከን ደጋግሞ ሲንሸራተት 608,000 ዓመት የሚያህል የጫጫታ ታሪክ ተገኘ፤ በዚያ ሁሉ ውስጥ ይህን የሚያህል ግጥሚያ አልታየም። ፍለጋው በሦስት ክፍል ተከፋፍሎ መካሄዱ ሲታሰብ ዕድሉ በ203,000 ዓመት ከአንድ ጊዜ ያነሰ፣ ማለትም ከ5.1 ሲግማ (ውጤት ከአጋጣሚ የመራቁ መለኪያ) በላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ማንም በቤቱ ሊሠራው የሚችለው፣ ሞዴሉን ከነጣው መረጃ ቀንሶ ቅሪቱን ማየት ነው። ቅሪቱ ክስተቱ ካለበት ቦታ ርቆ ካለው ጫጫታ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ማጥራቱ አልበላም፣ አልጨመረም። ከዚህ ጋር የታወቀ ሰው ሠራሽ ሲግናል በሌላ ቦታ ላይ ጨምሮ በዚያው መንገድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የወጣው ከገባው ካነሰ ፊልተሩ ምን እንደሚበላ በቁጥር ይታወቃል።

ማንጣት የማይመልሰው ጫጫታ

ማንጣት ጫጫታው በጊዜ ውስጥ እንደማይለወጥ ታሳቢ ያደርጋል። ይህ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ያሳየው ኦገስት 17 ቀን 2017 የተመዘገበው የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ውሕደት ነው። ያ ሲግናል 100 ሰከንድ ገደማ ይቆያል። ከውሕደቱ 1.1 ሰከንድ ቀደም ብሎ በሊቪንግስተን መረጃ ላይ ከ5 ሚሊሰከንድ ያነሰ ብልጭታ ሲግናሉን ረግጦት አለፈ። መንስኤው መስተዋቶቹን በሚቆጣጠረው ሥርዓት ውስጥ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረው ክፍል ከአቅሙ በላይ መሞላቱ ነው። እንዲህ ያለ ብልጭታ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚዘረጋ ባንድፓስ አይነካውም፤ ማንጣቱ ደግሞ ራሱ ፊልተር በመሆኑ ብልጭታውን ወደ ግራና ቀኝ ያስተጋባዋል። ስለዚህ ከማንጣቱ በፊት መወገድ አለበት።

ለፈጣኑ ፍለጋ ቦታው ዳርና ዳሩ በለሰለሰ ዊንዶው ዜሮ ተደረገ። በቀጥታ ዜሮ ማድረግ ሁለት አዳዲስ ገደሎች ስለሚፈጥር ዳሩን ማለስለሱ የግድ ነው። ለዝርዝር ልኬት ግን ዜሮ ማድረግ በዚያች ቦታ ያለውን ሲግናልም ይጥላል፤ ስለዚህ ብልጭታው በዌቭሌቶች ድምር ተቀርጾ ከመረጃው ተቀነሰ፣ ሲግናሉ ከሥሩ ቀረ። ዘዴው የተፈተነው ተመሳሳይ ብልጭታዎች ባሉባቸው ሌሎች ሰዓታት ላይ የታወቀ ሲግናል ጨምሮ፣ ብልጭታውን ቀንሶ፣ የወጣውን ከገባው ጋር በማወዳደር ነው።